የሐይቅን ውሃ በጂፒኤስ እንዴት እንደለካሁ

የጂፒኤስ ባለሙያ ከውሃ፣ ከቆርቆሮና ከግድግዳ ነጥሮ የሚመጣ ሲግናል አይወድም። ልኬቱን ያበላሽበታል። እኔ ግን የፈለግኩት እሱኑ ነበር። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ያለው ሐይቅ ከክረምት በኋላ ስንት እንደሚሞላ፣ በበጋ ስንት እንደሚጎድል በርካሽ ዕቃ ለማወቅ ተነሣሁ።

ሀሳቡን ያገኘሁት ከውቅያኖስ ልኬት ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የመጠቀው ቶፔክስ/ፖሳይደን የተባለ ሳተላይት ከ1,336 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ እስከ ባሕሩ ያለውን ርቀት በራዳር ይለካ ነበር። ያ ርቀት ከሳተላይቱ ከፍታ ሲቀነስ የባሕሩ ከፍታ ይገኛል። ታዲያ የሳተላይቱ ከፍታ በ10 ሴንቲሜትር ከተሳተ ባሕሩም በ10 ሴንቲሜትር ይሳታል። ለዚህ ነው የሙከራ ጂፒኤስ ሪሲቨር የጫኑበት፤ ስህተቱም ወደ ጥቂት ሴንቲሜትር ወረደ። በ1993 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማርቲን-ኔይራ የተባለ የአውሮፓ ጠፈር ኤጀንሲ መሐንዲስ ከባሕር የነጠረው የጂፒኤስ ሲግናል ራሱ ለልኬት ይሁን አለ።

እኔ ያለኝ ሳተላይት ሳይሆን አንቴና የተሰቀለበት ምሰሶ ነው። ግን ነገሩ ይሠራል። አንቴናው ሲግናሉን ሁለቴ ይቀበላል፤ አንዱን በቀጥታ፣ ሌላውን ከውሃው ነጥሮ። ሳተላይቱ ከአድማስ ከፍ ሲል የሁለቱ መንገድ ልዩነት ይቀየራል። አንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዴ ይጠፋፋሉ። የሲግናሉ ጉልበት ከፍ ዝቅ ይላል። አንቴናው ከውሃው በራቀ ቁጥር ይህ ከፍ ዝቅ ይበዛል፤ ስለዚህ እሱን ቆጥሬ ውሃው ከአንቴናው ስንት እንደሚርቅ አውቃለሁ። የጂፒኤስ ዋናው ሞገድ ርዝመቱ 19 ሴንቲሜትር ያህል ነው። አንቴናው ከውሃው 3 ሜትር ከፍ ካለ፣ ሳተላይቱ ከ5 ወደ 25 ዲግሪ ሲወጣ 10 ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። በ1 ሜትር ግን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ ስለሆነ መቁጠሩ ያስቸግራል። ምሰሶውን አታሳጥሩት።

ዕቃው ቀላል ነው፦ ርካሽ ሪሲቨር፣ የሞተር ሳይክል ባትሪ፣ ትንሽ ሶላር፣ መረጃውን የሚይዝ አሮጌ ስልክ። ውድ አንቴና አያስፈልግም፤ እንዲያውም ነጸብራቁን ስለሚያፍን ለዚህ ሥራ ይጎዳል። የእኔን በጎኑ አዙሬ ፊቱን ወደ ውሃው ሰጠሁት። አንድ አዛውንት አሣ አጥማጅ መረባቸውን እየቋጠሩ አዩና «ልጄ፣ ይሄ ነገር ኔትወርክ ያመጣል?» አሉኝ። «አይ አባባ፣ ውሃ ነው የሚለካው» ስላቸው ሳቁ። «ታዲያ ምነው አስተኛኸው?»

ከሁሉ የከበደው አቅጣጫ መምረጥ ነበር። ሐይቁ በተራራ የተከበበ ነው። በአንዳንድ በኩል ሳተላይቱ ከሸንተረሩ ብቅ ሲል የምፈልገውን ዝቅተኛ ማዕዘን ስለሚያልፍ ለእኔ ጊዜው አልፏል። ከ3 ሜትር ላይ ሲግናሉ የሚነጥረው ከምሰሶው ከ6 እስከ 35 ሜትር ባለው ውሃ ላይ ነው፤ እዚያ ቄጠማ ካለ የምትለኩት ቄጠማውን ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሜ የትኛው አቅጣጫ ክፍት ውሃ እንደሆነ በኮምፓስ ለይቼ ጻፍኩ። የቀረውን መረጃ ያለ ርኅራኄ ጣልኩት። ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣና ውሃው ሲናወጥም ውጤቱ ይደበዝዛል፤ የሌሊቱና የማለዳው ይሻላል።

የሚገርመው፣ ውቅያኖስ ለሚለኩት ራስ ምታት የሆነው የምህዋር ጥራት ለእኔ ምንም አልነበረም። ሳተላይቶቹ ራሳቸው የሚልኩት የምህዋር መረጃ በሜትር ገደማ ይሳታል። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ አንድ ሜትር ቢሳት የሚታይበት ማዕዘን አይቀየርም። ለኔ የሚያስፈልገኝ ደግሞ ማዕዘኑ ብቻ ነው። ትክክለኛውን የምህዋር ፋይል ሳምንታት ጠብቆ ማውረድ እዚህ ትርፉ ድካም ነው።

የአንድ ሳተላይት ውጤት ብቻውን አይታመንም፤ በጥቂት ሴንቲሜትር ይዋዥቃል። የቀኑን ሁሉ አማካይ ወስጄ፣ ሜትር ከተሰመረበት እንጨት ጋር ሳስተያየው ግን የሁለቱ ግራፍ መስመሮች አብረው ወረዱ። እንጨቱን ግን አትንቀሉት። ምሰሶው ጭቃው ውስጥ ትንሽ ቢሰምጥ ውሃው የሞላ ይመስላል፤ ያንን የሚነግራችሁ እንጨቱ ነው።