«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ለአለቃዬ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ለባክአፕ ብሎ ሌሊት መነሳት ቀረ» አልኳቸው። በኤክስፔክት (ፕሮግራም ጥያቄ ሲጠይቅ ጠብቆ በሰው ፈንታ የሚመልስ መሣሪያ ነው) አንድ ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዝ ዝርዝር፣ ጽፌያለሁ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ራሱ ሰርቨሩ ውስጥ ይገባል፣ ፓስወርድ ሲጠየቅ ይመልሳል፣ ባክአፑን ያስጀምራል፣ የታየውን ሁሉ ሎግ ፋይል ላይ ያስቀራል። (ፓስወርድ ስክሪፕት ውስጥ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ አትቆጡኝ።)

ጠዋት ሎጉን ከፈትኩ። ፓስወርድ ተጠይቋል፣ ተመልሷል፣ ትእዛዙ ተልኳል። ከዚያ በኋላ ጭጭ። ባክአፑም የለም።

በእጄ አስነሳሁት። ልክክ አድርጎ ሠራው! ማታ ደግሞ ያው ጭጭ። እንግዳ ፊት ጨዋ ሆኖ፣ እንግዳው ሲወጣ ቤቱን የሚገለብጥ ልጅ አታውቁም? እሱን በሉት። ኔትወርኩን ጠረጠርኩ። መብራትን ጠረጠርኩ፤ መብራትን የማይጠረጥር ማን አለ? በሦስተኛው ሌሊት አላርም ሞልቼ ተነሳሁና ላፕቶፑ ላይ አፈጠጥኩ። ባለቤቴ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ «ማንን ነው የምትጠብቀው?» አለችኝ።

ጉዱ የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። ኢንተርአክት ይላል። ይህ ትእዛዝ ሥራውን ኪቦርድ ላይ ላለው ሰው ያስረክባል። ቀን ቀን ተረካቢው እኔ ነኝ፤ ባክአፑ ሲያልቅ ራሴ ዘግቼ እወጣለሁ። ሌሊት የሚያስነሳው ግን ክሮን፣ ሥራዎችን በተቀጠረላቸው ሰዓት የሚያስጀምረው ፕሮግራም ነው፤ ክሮን ደግሞ ኪቦርድ የለውም። ስክሪፕቱ ዞር ቢል ሰው የለም፣ «በቃ አለቀ» ብሎ ውልቅ። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ባክአፑም አብሮ ይሞታል። «እንደምን አደራችሁ» ብሎ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይባል በሩን ዘግቶ የሚሄድ ጎረቤት ማለት ነው።

ኢንተርአክትን አጠፋሁ። በምትኩ ኤግዚት («ውጣ») ላክና ኢኦኤፍ፣ ማለትም «አበቃ» የሚለው ምልክት፣ እስኪመጣ ጠብቅ አልኩት። ተፈታ ብዬ ጋሼን ማኪያቶ ጋበዝኩ። በማግስቱ ሎጉ ከአንድ ፋይል ስም መሃል ላይ ተቆርጦ አገኘሁት! ለካ ኤክስፔክት ካልነገሩት በቀር የሚጠብቀው 10 ሰከንድ ብቻ ነው። የእኛ ባክአፕ በ10 ሰከንድ ጉሮሮውን እንኳ አይጠርግም። እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ስሙ «ጠብቅ» የሆነ ነገር፣ 10 ሰከንድ! ታይምአውቱን (የመጠበቂያ ገደቡን) ኔጋቲቭ 1 አደረግኩት፤ ገደብ የለህም፣ ጠብቅ ማለት ነው።

ሰሞኑን ሎጉ ሙሉ ነው። እኔ ግን ሌሊት 8 ሰዓት ሲሆን ያለ አላርም እባንናለሁ። ባለቤቴ ዓይኗን ሳትገልጥ «መጣ?» ትለኛለች።