የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሙያን በጎንደር እንዴት እንደተማርሁ

የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ስላልበቃ በጎንደር በሚገኝ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ መሠልጠን ጀመርሁ። ዘመድ አዝማዱ «ቴክኒክ ገባ» እየተባባለ ከንፈሩን ቢመጥልኝም፣ የከተማው ግንባታ ወደ አዘዞ በኩል እየሰፋ መሄዱን ሳይ የምበላበት ሙያ እንደማላጣ ገምቼ ነበር።

ሥልጠናው በየደረጃው የተከፋፈለ ሲሆን፣ ብቁ ለመባል ሁላችንም «ሲኦሲ» የምንለውን የሙያ ብቃት ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል። የሀገሪቱ የሥልጠና ሥርዓት ከጊዜው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲያልፍ ያልማል። ይህን ስሌት ከልቡ የሚወስደው ሠልጣኝ ግን ጥቂት ነው፤ ዘመድ ባለበት መሥሪያ ቤት ተመድቦ የመከታተያ ቅጹን ማስፈረም ለብዙዎች ይቀላል። እኔ ግድግዳው በመሮ ተፈልፍሎ ቧንቧ ሲቀበር፣ ሽቦ ሲጎተትና ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ ሲቋጠር ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የሚታይበትን ቦታ ፈልጌ አዘዞ ከሚገኝ አነስተኛ ተቋራጭ ዘንድ ለሥራ ላይ ልምምድ ለመመደብ ጠየቅሁ።

በዚያ የእጅ ፍጥነትን ተማርሁ፤ ከኮሌጁ ትምህርት ጋር የሚጋጭ ልማድም አየሁ። አንድ ቀን ፎርማኑ አረንጓዴና ቢጫውን ሽቦ ለፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ለሚያመጣው መስመር፣ ሲጎትት፣ «ጋሼ፣ ይህ የኧርዝ አይደለም እንዴ?» ብዬ ብጠይቅ (ኧርዝ ኤሌክትሪክ ቢያፈተልክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ነው)፣ «ልጄ፣ አምፖል ቀለም አይመርጥም» ሲል መለሰልኝ። አምፖሉስ በእርግጥ ይበራል፤ ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ያንን ስካቶላ የሚከፍት ሌላ ባለሙያ ኧርዝ መስሎት በባዶ እጁ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲህ በደብተሬ በአንደኛው ገጽ በሥራ ቦታ ያየሁትን፣ ትይዩው ላይ ደግሞ የሙያ ደረጃው የሚያዘውን እየጻፍሁ ልዩነቱን መምህሬን እጠይቅ ነበር።

ለምዘናው የጠቀመኝ ይኸው ደብተር ነው። ከታችም ከላይም ሊበራና ሊጠፋ የሚችል የፎቅ መወጣጫ መብራት እና ራሱን የቻለ የሶኬት መስመር እንድዘረጋ ታዘዝሁ፤ ለመብራቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከ10 አምፔር ብሬከር፣ ለሶኬቱ 2.5 ከ16 አምፔር ጋር አገናኘሁ። መዛኞቹ ከአምፖሉ መብራት ይልቅ ኃይል አጥፍቼ፣ በቴስተር አረጋግጬ እንደምነካ፣ ማብሪያውም ኒውትራሉን (የመመለሻ ሽቦውን) ሳይሆን ፌዙን እንደሚቆርጥ ይመለከቱ ነበር። ኒውትራሉ ላይ ቢገባ ኖሮ መብራቱ ጠፍቶም አምፖል መያዣው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይቀራል።

ዛሬ የምሠራው በአብዛኛው መኖሪያ ቤት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ220 ቮልት ይህ 16 አምፔር ያህል ስለሆነ ከሌላ ሶኬት ጋር ከተዳበለ በጋገራ ቀን ብሬከሩ መውረዱ አይቀርም። ብሬከሩን ብቻ በትልቅ የሚለውጡት ደግሞ፣ እንዲህ ያለው ብዙ ነው፣ ሽቦውን ለእሳት ያጋልጣሉ። ስለዚህ ለምጣድ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ከነኧርዙ እስከ ማከፋፈያ ሳጥኑ ብቻውን እዘረጋለሁ። ዋጋ ከመናገሬ በፊትም የቤቱን እመቤት «እትዬ፣ ምጣዱ የት ነው የሚቀመጠው?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ ሒሳቡን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የዚያ መስመር ርዝመት ነውና።