ከስልሳ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ረብሻን መከላከል፦ የአንድ የሒሳብ መምህር የልምድ ማካፈያ

የማስተምረው በመንግሥት ትምህርት ቤት የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ነው። የተቀመጠው መለኪያ በአንድ ክፍል 50 ተማሪ ቢሆንም፣ እኔ የምገባባቸው ክፍሎች ሁሉ ከስልሳ በላይ ይዘዋል፤ ክፍለ ጊዜውም 40 ደቂቃ ብቻ ነው። ዘንድሮ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት በተመለከተ አንድ ሥራ ብቻ ይዣለሁ፤ ይኸውም ረብሻው የትኛው ሰዓት ላይ እንደሚነሣ እየመዘገብኩ ያንን ሰዓት ማሳጠር ነው።

ለዚህ ያነሣሣኝ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጃኮብ ኩኒን በ1970 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ነው። ኩኒን በቪዲዮ የተቀረጹ ክፍሎችን ሲያነጻጽር፣ ክፍላቸው የሚሰምርላቸውና የማይሰምርላቸው መምህራን ከረብሻ በኋላ በሚሰጡት ተግሣጽ እምብዛም እንደማይለያዩ ተገነዘበ። የለያቸው ክፍሉን ሁሉ ነቅተው መከታተላቸውና ከአንድ ሥራ ወደ ሌላው ሳይንዛዙ መሻገራቸው ነበር።

የእኔም ማስታወሻ ወደዚያው ይጠቁማል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የምንዞረው መምህራን ስለሆንን፣ ደርሼ ሰሌዳው እስኪጠፋ ድረስ ክፍሉ ሥራ ፈት ይሆናል። አሁን ለክፍል አለቃዋ አንድ መልመጃ በወረቀት አስቀድሜ ስለምሰጣት፣ ስገባ ጥያቄው ተጽፎ፣ አብዛኛውም ተማሪ ደብተሩን ገልጦ ይጠብቀኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን የእርማት ሰዓት ነው። የጨረሰ ሁሉ ደብተሩን ይዞ ጠረጴዛዬን ይከብባል፤ የከበቡኝ ይገፋፋሉ፣ ከኋላ ያሉት አይታዩኝም፣ ያልጨረሰውም በዚያ ግርግር መሐል ከጨረሰው ይገለብጣል። ስለዚህ ለእርማት ከመቀመጫ መነሣት ቀርቷል። በዴስኮቹ መካከል እየዞርኩ ከየረድፉ ቀድመው የጨረሱትን ሁለት ሁለት ተማሪዎች አርማለሁ፤ እነሱ የረድፋቸውን ያርማሉ፤ እኔም ካረሙት ጥቂቱን ደግሜ አያለሁ። መተላለፊያ ለማግኘት የዳርና የዳሩን ዴስኮች ከግድግዳው ጋር ማስጠጋት ግድ ሆኖብናል። ያልጠበቅሁት ውጤት፣ ስማቸው በረባሽነት ይነሣ ከነበሩት አንዳንዶቹ ፈጥነው የሚጨርሱ ልጆች መሆናቸው መታወቁ ነው፤ አራሚ ከሆኑ ወዲህ ለወሬ ጊዜ የላቸውም።

የክፍል አለቃ የረባሾችን ስም ጽፎ እንዲያቀርብ ማድረግንም ትቻለሁ። ጓደኛ ይዘለላል፣ የተጣላ ይመዘገባል፣ መምህሩም ባላየው ነገር ፈራጅ ይሆናል። ቅጣትን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል፤ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ግን «ያለ አለንጋ ማን ይሰማል?» የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። ሕጉ ባይኖር እንኳ ማንበርከክን አልመርጠውም፤ ተንበርካኪው ትምህርቱ ያመልጠዋል፣ ፊት ለፊት የተቀመጡትም እሱን እያዩ ይስቃሉ።

ያልተፈታልኝ ፊቴን ወደ ሰሌዳ አዙሬ የምጽፍበት ሰዓት ነው። ረጅም ምሳሌዎችን በትልቅ ወረቀት አስቀድሜ ጽፌ መለጠፍ ጀምሬያለሁ፤ ሆኖም ወረቀት በየጊዜው አይገኝም፣ ከኋላ ለተቀመጡትም ጽሑፉ በደንብ አይታይም። እንደ ታሪክና ሥነ ሕይወት ያሉ ብዙ ማስታወሻ የሚያስጽፉ ትምህርቶችን የምታስተምሩ ባልደረቦች ይህን ሰዓት እንዴት እንደምታሳልፉት ብታካፍሉኝ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት እሞክረዋለሁ።