ጉልበቷማ ደህና ነው

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአጥንት ህክምና ክሊኒክ ነርስ ነኝ፣ ክሊኒኩን ስሙን ተዉት። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ስራዬ ባጭሩ ጉልበታቸውን መርፌ የሚወጉ ሰዎችን ማዘጋጀት ነው፣ ፎርም እሞላለሁ፣ ጉልበቱን በአዮዲን እጠርጋለሁ፣ መድኃኒቱን ከማደንዘዣው ጋር ስቤ ለዶክተሩ አቀብላለሁ፣ ሲጨርስ ፕላስተር ለጥፌ "ሁለት ቀን ብዙ አይራመዱ፣ ዛሬ ውሃ እንዳይነካው" ብዬ እሸኛለሁ። በአዘቦቱ ቀን አምስት ስድስት ሰው ነው፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ግን ወረፋው ኮሪደር ድረስ ይደርሳል። ምክንያቱም ሰሞነ ሕማማት ስግደት አለ። ዓመቱን ሙሉ ህመሙን ችሎ የተቀመጠ ሁሉ ሆሳዕና ሲቃረብ "ሲስተር ለስቅለት አድርሱኝ" እያለ ይመጣል።

እኚህ እናትም እንደዛ ብለው ነው የመጡት፣ የሆሳዕና ዋዜማ ቅዳሜ። ስልሳ ምናምን ዓመታቸው ነው፣ ቀጠን ያሉ፣ ምርኩዛቸውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፈው ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡ። ኤክስሬያቸውን አየሁት፣ በውስጥ በኩል ያለው ክፍተት አልቆ አጥንቱ ከአጥንት ሊነካካ ምንም አልቀረውም፣ ሁለቱም ጉልበት። ልጃቸው ካርድ ክፍል ክፍያ ላይ ናት። እኔ ፎርሜን ይዤ እንደ ዳዊት እደግማለሁ።

"አለርጂ አለብዎት እማማ?"

"የለብኝም።"

"ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ?"

"ኧረ የለም።"

"ስኳር አለብዎት?"

"የለብኝም፣ ተመስገን።"

ተመስገን ሲሉ እጃቸውን ወደ ላይ ከፍ አድርገው ነበር፣ እሱ አሁንም አይኔ ላይ አለ። እኔ "የለም" የሚለው ላይ ራይት አድርጌ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረድኩ። ውጪ ሰባት ሰው ይጠብቃል።

ዶክተሩ ሁለቱንም ጉልበት በአንድ ቀን ወጋቸው። ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ፣ እብጠትና ህመም የሚያበርድ መድኃኒት ነው፣ ለአንዱ ጉልበት 40 ሚሊግራም፣ በድምሩ 80። ከግራው በኩል መጀመሪያ ፈሳሽ ሳበ፣ ጠላ የመሰለ ቢጫ ነገር፣ ሲሪንጁ ግማሽ እስኪሞላ። "ይሄ ሁሉ እኔ ውስጥ ነበር?" አሉ፣ ዶክተሩም ሳቀ እኔም ሳቅኩ። ሲነሱ ራሱ ቀለል ብሏቸው ነበር። መርቀውኝ ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ክሊኒኩ ስልክ ላይ ልጃቸው ደወለች። "ሲስተር፣ እማዬ ሌሊቱን ሙሉ ስትነሳ ነው ያደረችው፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች ተመልሳ ውሃ ትጠጣለች፣ ብትጠጣ ብትጠጣ አልረካ አላት" አለችኝ።

"ጉልበታቸውስ?"

"ጉልበቷማ ደህና ነው! ትላንት ቤተክርስቲያን ያን ሁሉ ደረጃ ያለ ምርኩዝ ነው የወጣችው።"

ሁለት ቀን አይራመዱ ያልኩት በመጀመሪያው ቀን ፈርሷል ማለት ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግን ደስ አለኝ። ቀጥዬ የማውቀውን ሁሉ ጠየቅኩ፣ አብጧል? ቀልቷል? ይተኩሳል? ብርድ ብርድ አላቸው? ሁሉም የለም። "እንግዲህ ጾሙም አለ፣ ሙቀቱም ከብዷል፣ ውሃ መጠጣቱ ጥሩ ነው፣ ይጠጡ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ይሄን ስጽፍ ራሱ ያሳፍረኛል። ሌሊት ለሽንት የሚመላለስና ውሃ የማያረካው ሰው ምን እንደሆነ አንደኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ያውቀዋል። እኔም በሌላ ቦታ ብሰማው አውቀዋለሁ። ግን የጉልበት መርፌ ጣጣ ጉልበት ላይ ነው የሚታየው ብሎ ጭንቅላቴ ደምድሟል፣ ምክንያቱም ስድስት ዓመት ሙሉ የሚደወልልኝ ስለ ጉልበት ነው። አንዱ ሰውዬ በተወጋ ቀን ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ደውሎ "መርዝ ነው የወጋችሁኝ" እያለ ጮሆብኛል። መድኃኒቱ ሟሟ ሳይሆን የደቀቀ ክሪስታል ነው፣ አንዳንድ ጉልበት ክሪስታሉን ይቆጣዋል፣ በሰዓታት ውስጥ ከበፊቱ የባሰ ያብጣል ያማል፣ በረዶና ፓራሲታሞል ይዞ ሁለት ሶስት ቀን ከታገሱት ይሄዳል። ሰውዬው በአራተኛው ቀን ሙዝ ይዞልን መጣ። ሌላው፣ ሁላችንም ሌት ተቀን የምንፈራው ኢንፌክሽን ነው። ከሺዎች አንድ ነው የሚያጋጥመው፣ ካጋጠመ ግን ጉልበቱን ይበላዋል። እሱ እንደ መጀመሪያው በሁለት ሶስት ቀን አይለቅም፣ ቀን በጨመረ ቁጥር እየባሰ፣ እየጋለ፣ እግር ማጠፍ እያቃተ፣ ትኩሳት እየጨመረ ነው የሚሄደው፣ ያኔ ነገ ልየው አይባልም፣ በዛው ቀን ሆስፒታል ነው።

የቆዳው ነገር ደግሞ አለ። አንድ ዘበኛ ታካሚ ነበረን፣ ከተወጋ ከሁለት ወር በኋላ ጉልበቱ ጎን ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የምታክል ነጭ ነገር ወጣችበት። ሚስቱ ለምጽ ነው ብላ ጸበል ስታመላልሰው ከርማ ነው እኛ ጋ የመጡት። መድኃኒቱ መርፌው በገባበት በኩል ወደ ቆዳ ሾልኮ ቀለሙን አጥፍቶት ነው፣ ብዙ ጊዜ በወራት ይመለሳል፣ በኛ መልክ ላይ ግን ከሩቅ ይታያል። እና ይሄ ሁሉ ሲሆን ስኳር የሚለው ቃል በስልክ አንድም ቀን መጥቶልኝ አያውቅም ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በታክሲ ኮንትራት ይዛቸው መጣች። በር ላይ ሳያቸው እነዚያ ሴትዮ አልመስል አሉኝ፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፣ ምላሳቸው ከላንቃቸው እየተጣበቀ "ዓይኔ ላይ ጉም ለበሰብኝ" ይላሉ። የሚገርመው ምርኩዙን ልጅቷ ናት የያዘችው፣ እሳቸው በሁለት እግራቸው ነው የገቡት። ጣታቸውን ወግቼ የደም ጠብታዋን ወደ ማሽኑ አስጠጋሁ፣ ማሽናችን አምስት ሰከንድ ይቆጥራል፣ አምስት፣ አራት፣ ሶስት፣ በዛ ሰዓት ነው ሁሉም ነገር ባንዴ የገባኝ። 486።

ዶክተሩ መጣ። "እናቴ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?"

"የለብኝም አልኩ እኮ ልጄ።"

ልጃቸው ዞር ብላ አየቻቸው። "እማዬ! ማታ ማታ የምሰጥሽ ኪኒንስ?"

"እሱማ የስኳር ነው" አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው። "ስኳሩ ግን ጠፍቷል፣ ባለፈው ጤና ጣቢያ 'ስኳርዎ ጥሩ ነው፣ ምንም የለም' ብለውኛል።"

ሜትፎርሚን ከጀመሩ ስምንት ዓመታቸው ነው። ኪኒኑን በቀን ሁለቴ ነበር የታዘዘላቸው፣ ጾሙ ሲገባ ጠዋት ስለማይበሉ የጠዋቷን ትተው የማታዋን ብቻ ነው የሚወስዱት። እና አልዋሹኝም። ያ ነው የሚያናድደኝ። ጤና ጣቢያ ቁጥሩ ጥሩ ነው ለማለት "የለም" አሏቸው፣ እሳቸው እግዜር አነሳልኝ ብለው ተቀበሉት፣ እኔም ጠየቅኩ፣ እሳቸውም መለሱ፣ ሁላችንም ትክክል ነን፣ ስኳሩ ግን አለ።

ሆስፒታል ልከናቸው ግሉኮስና ኢንሱሊን፣ ፈሳሽ ምናምን ተደርጎላቸው ሁለት ሌሊት አድረው ሐሙስ ወጡ። ደህና ናቸው፣ ስቅለትን ግን ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ነው የዋሉት፣ አቅም አልነበራቸውም። ልጃቸው ስትነግረኝ "ጉልበቷ እኮ ይሰግድ ነበር" አለችኝ፣ ሳቂ ወይ አልቅሺ የሚያሰኝ ነገር ነው።

ኧረ ግሉኮስ አልኩ እንዴ፣ ይቅርታ፣ ሰው ደም ስር የሚገባውን ሁሉ ግሉኮስ ስለሚል ተላምዶብኝ ነው፣ በዛ ስኳር ላይ ግሉኮስ ማን ይሰጣል፣ የጨው ውሃውን፣ ሳላይኑን ማለቴ ነው።

ከፋሲካ በኋላ ዶክተሩ ሰበሰበን። እንደሚጮህብኝ እርግጠኛ ሆኜ ነበር የገባሁት። "80 ሚሊግራም የወጋሁት እኔ ነኝ፣ እኔም አልጠየቅኩም" ብሎ ጀመረ፣ ከዛ ነጭ ሰሌዳ ላይ እየሳለ አስረዳን። ስቴሮይዱ ጉልበት ውስጥ ታሽጎ አይቀርም፣ የተወሰነው ወደ ደም ይገባል፣ ደም ውስጥ ሲገባ ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያደርጋል፣ ኢንሱሊንም ስራውን እንዳይሰራ ያዳክመዋል። ስኳር ባለበት ሰው ላይ የስኳሩ መጠን በመጀመሪያው ሁለት ሶስት ቀን ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው አይወጋም ማለት አይደለም፣ ስኳሩ የተያዘ ሰው በተወጋ ሰሞን እየለካ፣ ሀኪሙ እያወቀው ይወጋል። የኛዋ እናት ግን ኪኒናቸውን በግማሽ ቀንሰው፣ ባንድ ቀን ድርብ ዶዝ ተወግተው፣ የሚለካቸው ሰው የለም፣ ሲደወል ደግሞ "ውሃ ይጠጡ" የምትል እኔ ነኝ ያለሁት።

ከዛ በኋላ ፎርሙ ላይ ስኳር አለብዎት የምትለዋን አልሰረዝናትም ግን አላምናትም። አሁን "ማታ ማታ የሚውጡት ኪኒን አለ? ማነው የሚሰጥዎት? ጤና ጣቢያ ለምን ይመላለሳሉ?" ነው የምለው፣ ዕድሜው ሃምሳ ያለፈን ሰው ደግሞ ምንም ቢል ጣቱን ሳልወጋ አላሳልፍም፣ አንድ ደቂቃ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ሁለት ጉልበቱን ባንድ ቀን አይወጋም። ቀጠሮ ሲይዙም የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እንነግራለን። ስልኩ አጠገብ ያለችው ወረቀት ላይ ደግሞ በእጄ "ውሃ ጥም? ሽንት? ዓይን?" ብዬ ጽፌ ለጥፌያለሁ፣ የጉልበቱ ጥያቄዎች ከሷ በታች ናቸው።

ልጅቷ ያኔውኑ "ለፍልሰታ ይደገምላት?" ብላ ጠይቃ ነበር። ዶክተሩ ቢያንስ ሶስት ወር ይለፍ፣ እሱም የግድ ከሆነ ነው አላት። ይሄን የሚለው ወዶ አይደለም፣ 2017 ላይ አሜሪካኖች የወጣ ጥናት አላቸው፣ በፈረንጆቹ ነው፣ 140 ሰው ለሁለት ከፍለው ግማሹን በየሶስት ወሩ ስቴሮይድ፣ ግማሹን የጨው ውሃ ብቻ ለሁለት ዓመት ወጓቸው፣ መጨረሻ ላይ ስቴሮይድ የተወጉት የጉልበታቸው ልስልስ አጥንት የበለጠ ሳስቶ ተገኘ፣ ህመሙ ላይ ግን ከጨው ውሃው አልተሻለም። ዶክተሩ ይሄን የሚያነሳው በተለይ ክሊኒክ እየቀያየሩ በየወሩ ለሚወጉት ነው፣ እኛ ጋ ሶስት ወር ጠብቅ ሲባል መንገድ ተሻግሮ ሌላ ቦታ የሚወጋ ሰው አለ። ጉልበቱን በቅርቡ በኦፕራሲዮን ሊያስቀይር ለሚያስብ ሰው ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በፊት ባሉት ሶስት ወራት መወጋቱ ለኢንፌክሽን ስለሚያጋልጥ ጭራሽ አይወጋም።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጡ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው። ስኳራቸውን ለካሁ፣ 148። ፌስታላቸውን አልጋው ላይ ዘረገፉት፣ "ይኸው ቁጠሪ፣ ደግሞ ዋሸችኝ እንዳትይ" አሉኝ፣ ልጅቷ ሳቀች። ሜትፎርሚን አለ፣ የግፊት ኪኒን አለ፣ የዓይን ጠብታ አለ፣ የደረቀ ሎሚ ምናምንም ነበረበት። ከሁሉም ስር ካርቶን የሌላት ግማሽ የተበላች የኪኒን ቅጠል ወጣች።

"ይቺስ እማማ?"

"እሷ የኔ አይደለችም፣ የጎረቤቴ ናት። ጉልበቴን ሲጠናብኝ አንድ አንድ ትሰጠኛለች፣ እሷማ ፍቱን ናት።"

ገልብጬ አነበብኩት። ፕሬድኒሶሎን 5 ሚሊግራም፣ ያው ስቴሮይድ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ኧረ ቆየ" አሉ። "ከገና በፊት ነው።"

ልጅቷን አየኋት፣ እሷም አየችኝ። የሳብኩትን ሲሪንጅ ትሪው ላይ መልሼ ዶክተሩን ልጠራ ወጣሁ።