ቢራ ጌም አሸንፌ ስመለስ የሆነው

2015 ላይ ነው፣ የመኪና መለዋወጫ የሚያስመጣ ድርጅት ግዥ ክፍል ነበርኩ። አንድ ቀን ቢሾፍቱ ስልጠና ወሰዱንና አሰልጣኙ "አሁን ቢራ ጌም እንጫወታለን" ሲል ግማሹ ሰው ቢራ የሚቀርብ መስሎት ደስ አለው ሃሃ። ወረቀት ነው ያደሉን።

ጌሙ እቃ ከፋብሪካ እስከ ሱቅ እንዴት እንደሚታዘዝና እንደሚደርስ ማስተማሪያ ጨዋታ ነው፣ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ አሜሪካ ያለው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እነ ፕሮፌሰር ጄይ ፎሬስተር የሰሩት ነው። አራት ሰው ይሰለፋል፣ ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይ፣ ፋብሪካ። እያንዳንዱ ከቀጣዩ ያዛል፣ ማውራት ክልክል ነው፣ ትዕዛዝ በወረቀት ብቻ፣ ያዘዝከው ደግሞ ሳምንታት ቆይቶ ነው የሚመጣው። መጋዘን ያደረ ሳጥን በሳምንት ግማሽ ዶላር ይቆርጥብሃል፣ ደንበኛ ጠይቆ ያጣው አንድ ዶላር። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ጠጪው መጀመሪያ በሳምንት 4 ሳጥን ይጠይቅና አምስተኛው ሳምንት ላይ 8 ይሆናል፣ በቃ፣ እስከመጨረሻው 8 ነው። ግን ሁሉም እቃ ሲያጣ ይደነግጥና ደራርቦ ያዛል፣ ፋብሪካው ጋ ሲደርስ 30 ምናምን ሆኖ ቁጭ። ከዛ ያ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣበታል።

የኛ ቡድን አሸነፈ። ሳንደነግጥ ትንሽ ትንሽ ስላዘዝን ነው። ሰርተፊኬት፣ ጭብጨባ፣ ፎቶ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ እኔ ሌላ ሰው ነኝ። የስቶር ኃላፊያችን፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ፊልትሮና ፍሬን ሸራ የስድስት ወር ካልያዙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ይሄ እኮ የታሰረ ብር ነው ብዬ ለድርጅቱ ባለቤት በኤክሴል አሳየሁትና ወደ ሁለት ወር አወረድነው። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፣ "ልጄ፣ እዛ ጨዋታ ላይ ኤልሲ ማን ነው የሚከፍተው?" ኤልሲ ማለት ባንክ ለውጭው ሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ ነው። ሳቅኩ።

ጌሙ ላይ ሁለት ሳምንት ከተባለ ሁለት ሳምንት ነው። እኛ ጋ ያኔ ፕሮፎርማ (የሻጩን የዋጋ ማቅረቢያ) ባንክ አስገብተህ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ትጠብቅ ነበር፣ መቼ እንደሚደርስህ ባንኩ ራሱ አያውቀውም ነበር፣ ከዛ ጅቡቲ ወደብ አለ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጉምሩክ አለ። ፊልትሮ አለቀብን። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ እጥረት አለ ተብሎ ሲወራ 100 የሚያዘው ነጋዴ 300 ማለት ጀመረ፣ ስልኬ አላርፍ አለ፣ እኔም ፍላጎት ጨምሯል ብዬ ሦስት እጥፍ አዘዝኩ። አዎ፣ ጌሙን ያሸነፍኩት ሰውዬ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ ያው ነጋዴ ለሌሎች ሁለት አስመጪዎችም 300 ብሏል፣ ቀድሞ ከመጣለት ይወስድና የቀረነውን ስልክ አያነሳም። ጌሙ ላይ ያዘዝከውን ትቀበላለህ፣ ስልክ ማጥፋት የሚባል ነገር የለም።

2016 አጋማሽ ላይ እቃው በሙሉ አንዴ ገባ፣ የሌሎቹም ገብቷል፣ ገዢ የለም። መጋዘኑ ሞልቶ ኮሪደር ላይ ካርቶን ደረደርን፣ ጋሼ በጎን እየሆኑ ነው የሚያልፉት። ምንም አላሉኝም፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ሰርተፊኬቱን ከግድግዳ አወረድኩት።

ከዛ ሐምሌ 22 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ባንክ ላይ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ገበያው ድሮም በጥቁር ገበያ ዋጋ ነው የሚሰራው ትሉኛላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ግን የኛ ኤልሲ በድሮው ተመን የተከፈለ ነው፣ አዲስ የሚያስመጣ ሰው ደግሞ ያን ሰሞን እጁን ሰብስቦ ነበር። ስልክ የማያነሱት ነጋዴዎች በእግራቸው መጡ። ኮሪደሩ በጥቂት ወር ጸዳ።

ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ባለቤቱ "አርቆ ያሰበ ግዥ" ብሎ አስነስቶ አስጨበጨበልኝ፣ ቦነስም ሰጠኝ። ቢሾፍቱ ቢሆን አሰልጣኙ ጥፋቴን በሁለት ሰዓት ውስጥ በግራፍ ስሎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍልኝ ነበር፣ እዚህ ግን ትርፍ ተብሎ ሂሳብ ውስጥ ገባ፣ ኦዲተሩም ፈረመበት። እኔም አፌን ይዤ ተቀበልኩ፣ ምን ልበል?

ጋሼ ከኋላ ሆነው አጨበጨቡ። ስንወጣ "ልጄ፣ ቦነሱ ላይ የኮሪደሩም ድርሻ አለበት" አሉኝ። ምሳ ጋበዝኳቸው፣ በዛውም ቢራ። ሁለት ጠጡ።