ኬተ ኮልቪትዝ እና 18 ዓመት የፈጀ ሀዘን

አርት ማለት ስሜትን ማፍሰስ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ጀርመናዊቷ ሰዓሊና ቀራፂ ኬተ ኮልቪትዝ ናት፣ ምክንያቱም እሷ ስሜቷን ይዛ፣ አቆይታ፣ ትርፍ የሆነውን ሁሉ እየቀነሰች ነው የሰራችው።

የተወለደችው በ1867 ያኔ የፕሩሲያ (የጀርመን) ከተማ በነበረችው ኮኒግስበርግ ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምፅፈው)። አባቷ ህግ ተምሮ በፖለቲካ አቋሙ የተነሳ ግንበኛ የሆነ ሰው ነበር፣ የልጁን ተሰጥኦ ቶሎ አይቶ እንድትማር ያደረገውም እሱ ነው። እናቷ ደግሞ ልጆቿን ቀብራ ሀዘኗን በሆዷ ይዛ የኖረች ሴት ናት፣ ኬተም ይሄን እያየች ነው ያደገችው። በኋላ ስራዎቿ ላይ የምናየው ጩኸት የሌለው ሀዘን ከዚህ ቤት የወጣ ይመስለኛል።

በ1891 ዶክተር ካርል ኮልቪትዝን አግብታ በርሊን ሰራተኞች የሚኖሩበት ሰፈር ገባች። ለህክምና ወደ ባሏ የሚመጡት ሴቶች ችግራቸውን ለሷም ያወሯት ነበር። እኔ የምወድላት ሀቀኝነቷን ነው፣ መጀመሪያ ሰራተኞችን መሳል የጀመረችው አዝናላቸው ሳይሆን ውብ ሆነው ስለታዩዋት እንደሆነ ራሷ ፅፋዋለች፣ ኑሯቸው የገባት ቆይቶ ነው።

በ1903 የሞተ ልጇን ያቀፈች እናት ሰራች። ሞዴሎቹ ራሷ እና የ7 ዓመት ልጇ ፔተር ናቸው፣ ልጁን አቅፋ መስታወት ፊት ቁጭ ብላ ነው የሳለችው፣ ደክሟት ስታቃስት እሱ ስዕሉ ቆንጆ እንደሚሆን እየነገረ ያፅናናት ነበር። ስዕሉ ላይ እናትየው ራቁቷን እግሯን አጣጥፋ ፊቷን ደረቱ ውስጥ ቀብራለች፣ ለማየት ይከብዳል፣ ግን አይን አይነቀልም።

ከ11 ዓመት በኋላ ያው ፔተር ለአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈቃዱ ልዝመት አለ፣ እድሜው ስላልደረሰ የአባቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፣ አባትየው እምቢ ሲል ለምና ያስፈቀደችው እሷ ናት። በጥቅምት 1914 ቤልጂየም ውስጥ በ18 ዓመቱ ተገደለ።

በዚያው ዓመት ሀውልት ልትሰራለት ጀመረች። የመጀመሪያው ሀሳቧ የልጁ አስከሬን ተጋድሞ እናትና አባት ራስጌና ግርጌ እንዲሆኑ ነበር። ጀመረችው፣ ተወችው፣ ለዓመታት አስቀምጣ ተመለሰችበት፣ እና ሀውልቱ በ1932 መቃብሩ ቦታ ሲተከል ልጁ የለበትም! ያሉት ሁለት የተንበረከኩ ወላጆች ብቻ ናቸው፣ የየራሳቸው ድንጋይ ላይ፣ ሳይነካኩ። አባትየው የካርል ፊት አለው፣ እጆቹን አጣምሮ ራሱን አቅፎ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ያያል፣ እናትየው የኬተ ፊት አላት፣ ጎንበስ ብላለች። አንድ ልጅ የቀበሩ ባልና ሚስት እንኳን ሀዘናቸው ለየብቻ መሆኑን በመሀላቸው ያለው ክፍተት ነው የሚናገረው፣ ይሄ ደግሞ በመጀመሪያው ወር ለቅሶ ላይ ሆኖ የሚገኝ ሀሳብ አይመስለኝም።

በመሀል በ1920 የጀርመናዊውን ቀራፂ የኤርንስት ባርላህን የእንጨት ህትመቶች (እንጨት ላይ ተቀርፀው በቀለም ወረቀት ላይ የሚታተሙ ስዕሎች) አይታ እሷም እንጨት መቅረፅ ጀመረች። እንጨት ላይ ለስላሳ ጥላ ማውጣት ከባድ ነው፣ ወይ ጥቁር ነው ወይ ነጭ፣ ለዚህ ስሜት የሚያስፈልጋትም እሱ ነበር። ስለ ጦርነት የሰራቻቸው ሰባት ህትመቶች አንዱም ውጊያ አያሳይም፣ በአብዛኛው የሚታየው እቤት የቀረው ሰው ነው።

በ1933 ናዚዎች ስልጣን ሲይዙ ከፕሩሲያ የአርት አካዳሚ እንድትለቅ ተገደደች፣ መስራቷን ግን አላቆመችም። በ1942 የሰራችው ሊቶግራፍ (ድንጋይ ላይ ተስሎ የሚታተም ስዕል) ላይ አንዲት አሮጊት ልጆችን በክንዶቿ ሸፍናለች፣ ልጆቹ ከስር ሾልከው መውጣት ይፈልጋሉ፣ እሷ ግን አታለቅስም፣ አትለምንም፣ ፊቷ ላይ ያለው እምቢታ ነው። በዚያው ዓመት በልጇ ስም ፔተር የተባለው የልጅ ልጇ ራሺያ ውስጥ በጦርነት ሞተ። ከስራዎቿ ሁሉ አንዱን ምረጥ ብባል ይሄንን ሊቶግራፍ ነው የምመርጠው፣ ሀዘኗ የት ድረስ እንደሄደ የሚያሳየው እሱ ነው።