ባንኩ ፈቅዶ ኢንሹራንሱ እምቢ ሲል

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቤት ብድር ፋይል ነው የምሠራው። አንድ ጋሼ ከባለቤታቸው ጋር ስንት ዓመት ቆጥበው ቱሀንጋ ላይ ቤት አገኙ። ከተማው ያው ሎስ አንጀለስ ነው፤ ሰፈሩ ግን ከባሕሩ ርቆ ከተራራው ሥር ነው፣ ግቢው ሰፊ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ። ብድሩ ተፈቀደ፣ ቀብዱም ኤስክሮ ገባ፤ ኤስክሮ ግዢው እስኪያልቅ ገንዘቡን በመካከል የሚይዝ ገለልተኛ ወገን ነው።

ከዚያ ኢንሹራንስ ፍለጋ ተጀመረ። የመጀመሪያው ኩባንያ አድራሻውን አይቶ አልቀበልም አለ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ከጋራው በላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የላ ቱና እሳት ነዶበታል፤ በ2025 መጀመሪያ ፓሊሴድስና አልታዲና የሚባሉት ሰፈሮች በእሳት ከወደሙ ወዲህ ደግሞ ኩባንያዎቹ ይበልጥ ፈርተዋል። የቀረው ሌሎች እምቢ ያሉትን የሚቀበለው ፌር ፕላን ነበር። እሱ በዋናነት ለእሳት ነው። ለስርቆት፣ ቧንቧ ፈንድቶ ለሚያጠፋው፣ እንግዳ ግቢ ውስጥ ወድቆ ቢከስ፣ ሌላ ውል መጨመር ግድ ነው።

የሁለቱ ዋጋ ሲደመር ወርሃዊ ክፍያው ባንኩ በገቢያቸው ልክ ከሚፈቅደው ጣሪያ አለፈ።

«ልጄ፣ ባንኩ ፈቅዷል ተብሎ የለም እንዴ?» አሉኝ።

«ፈቅዷል ጋሼ። ግን ባንክ ገቢዎን የሚያመዛዝነው ከብድሩና ከወለዱ ጋር ብቻ አይደለም፤ የቤት ግብሩና ኢንሹራንሱም ይደመራሉ።»

ግቢው ልባቸው ገብቶ ስለነበር ዝም አሉ። እኔን ያስጨነቀኝ ቀኑ ነው። በካሊፎርኒያ መደበኛ ውል፣ ተስማምተው ካልቀየሩት በቀር፣ ገዢ ቤቱን የሚመረምርበት 17 ቀን አለው፤ በዚያ ውስጥ መውጣት ቀብድ አያስበላም። ብዙ ወገኖቻችን ኢንሹራንስን የመጨረሻ ሳምንት ጉዳይ ያደርጉታል፤ ያኔ ቀኑ አልፏል፣ የሰው ላብ ሻጭ እጅ ይቀራል። ይህ ያንገበግበኛል። ባለቤታቸው ቆራጥ ነበሩ፤ «ይቅርብን» አሉ። ቀኑ ሳያልፍ ወጡ፣ ቀብዱም ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ዋጋ ከመስጠታቸው በፊት የቤቱን አድራሻ ለኢንሹራንስ ሰው እንዲልኩ ደንበኞቼን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ጋሼ ኋላ ሬሲዳ ላይ፣ ሜዳ ላይ ያለ ጠበብ ያለ ቤት አገኙ። ኢንሹራንሱ ሳያስቸግር ተገኘ። የ1994ቱ የኖርዝሪጅ መሬት መንቀጥቀጥ የተነሣው ግን ከሬሲዳ ነው፤ የተለመደው የቤት ኢንሹራንስም መንቀጥቀጥን አይሸፍንም። ይህን ልነግራቸው ስዘጋጅ ቀድመውኝ ደወሉ፦ «የመንቀጥቀጡስ ለብቻው ስንት ይጨምርብናል?»